ከአንድ ቶን ድንጋይ አራት ኪሎ ተኩል፦ ስለ ቢንግሃም ካንየን የመዳብ ማዕድን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎችና ተጋባዥ እንግዶች፤

በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ውስጥ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ድምፄን የሚያደርስላችሁ ማጉያና በየኪሳችን ያለው ስልክ ሁሉም መዳብ አለባቸው። ይህ መዳብ ግን ከምድር ሲወጣ መዳብ አይመስልም። ሲወጣ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ ላይ እዚህም እዚያም እንደ አሸዋ ቅንጣት የሚያብረቀርቁ ቢጫ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ዛሬ የምናገረው በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ከሶልት ሌክ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኦከር ተራሮች ውስጥ ስለሚገኘው የቢንግሃም ካንየን ክፍት የመዳብ ማዕድን ነው። ጉድጓዱ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ አፉ ከዳር እስከ ዳር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅርብ ዓመታት ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣው ማዕድናማ ድንጋይ በአማካይ ግማሽ በመቶ እንኳ የማይሞላ መዳብ ነው የሚይዘው። ለስሌት እንዲመቸን በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ አራት ኪሎ ተኩል መዳብ አለ እንበል። የቀረው 995 ኪሎ ተኩል ለመዳብ ፈላጊው ጭነት ነው። ስለ ክፍት ጉድጓድ ማዕድን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ዋናው ጉዳይ ይህ የድንጋዩ ድህነት ነው፤ የጉድጓዱ ስፋት፣ የመኪኖቹ ግዝፈት፣ የግድግዳው ተዳፋትነት፣ ከኋላ የሚቀረው የዝቃጭ ሜዳና የውሃው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ድህነት የሚመነጩ ናቸውና።

በመጀመሪያ መዳቡ እንዴት እዚያ እንደተገኘ እንመልከት። ከ300 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አካባቢው የባሕር ወለል ነበር። አሸዋና የኖራ ደለል በየተራ እየተነባበሩ ተቀመጡ፤ አሸዋው ከጊዜ በኋላ ጠንካራ ኳርትዛይት፣ ኖራው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሆነ። እነዚህ ንብብሮች ኋላ በተፈጠረ የምድር ግፊት ተጣጠፉ፣ ተሰነጣጠቁ፣ አዘነበሉም። ይህን ማዘንበል በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ማለትም ከ38 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ ከጥልቅ የተነሣ ቅልጥ አለት በእነዚህ ንብብሮች መካከል ሰንጥቆ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፋራሎን ተብሎ የሚጠራው የውቅያኖስ ወለል ክፋይ ከሰሜን አሜሪካ አህጉር ሥር ሲሰምጥ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ የሚሰምጥ ወለል ደግሞ በማዕድኖቹ ውስጥ ያመቀውን ውሃ ይዞ ስለሚወርድ፣ በላዩ ያለው ጥልቅ አለት በውሃ ይረሰርሳል፣ ሲቀልጥም ውሃ፣ ድኝና ክሎሪን የበዛበት ማግማ፣ ማለትም ቅልጥ አለት፣ ይወጣዋል። መዳቡን ከሰፊው ማግማ ሰብስቦ በአንድ ጠባብ ቦታ የሚያከማቸው ይህ ውሃ ስለሆነ፣ ደረቅ ማግማ ቢሆን ኖሮ ቢንግሃም ማዕድን አይሆንም ነበር።

ነገሩን ለመረዳት የታሸገ የአምቦ ውሃ ስንከፍት የሚሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ጠርሙሱ እስካልተከፈተ ድረስ ጋዙ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ አይታይም፤ ክዳኑ ሲነሣና ግፊቱ ሲቀንስ ግን እየተንተከተከ ይወጣል። ማግማም እንዲሁ ወደ ምድር ገጽ ሲቃረብ ግፊቱ ይቀንስበትና በውስጡ የነበረው ጨዋማ ውሃ ተለይቶ ይወጣል። መዳብ ከክሎሪን ጋር ተጣምሮ በዚህ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ መጓዝ ስለሚመቸው ማግማውን ትቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ግፊቱ የላዩን አለት ሺህ ጊዜ ይሰነጣጥቀዋል፤ ፈሳሹም በስንጥቆቹ ውስጥ ሽቅብ እየወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ ወደ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ መዳቡ ከድኝና ከብረት ጋር ተዋሕዶ ካልኮፓይራይት እየሆነ ይቀመጣል። አንድ ስንጥቅ ብትመለከቱ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የኳርትዝ ሥር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሥሮች እንደ መረብ ተጠላልፈው ነው ድንጋዩን ማዕድን ያደረጉት።

ይህ ዓይነቱ ክምችት ፖርፊሪ መዳብ ይባላል። ፖርፊሪ ማለት በደቃቅ አለት መካከል እንደ ቆሎ ፍሬ የተበተኑ ትላልቅ ክሪስታሎች ያሉት ድንጋይ ነው፤ ትላልቆቹ ክሪስታሎች ቀስ ብሎ በመቀዝቀዝ፣ ደቃቁ ክፍል ደግሞ በድንገት በመቀዝቀዝ የተፈጠሩ በመሆናቸው ድንጋዩ ራሱ የግፊቱን ድንገተኛ መቀነስ ይመሰክራል። በቢንግሃም ማዕድኖቹ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። መካከሉ መዳብ የሌለበት ሊባል የሚችል እምብርት ሲሆን በዙሪያው የሞሊብደነም ማዕድን የሆነው ሞሊብዴናይት፣ ቀጥሎ ቦርናይትና ካልኮፓይራይት የተባሉት የመዳብ ማዕድኖች፣ ከዚያ የብረትና የድኝ ውህድ የሆነው ፓይራይት የበዛበት ቀለበት፣ ከሁሉም ውጭ ደግሞ እርሳስ፣ ዚንክና ብር ይገኛሉ። ወርቅም አለበት። ሙቁ ፈሳሽ የኖራውን ድንጋይ ሲያገኝ አጸፋው ኃይለኛ ስለሆነ በእነዚያ ቦታዎች ስካርን የሚባል ከቀሪው የተሻለ ይዘት ያለው ማዕድን ተፈጥሯል።

እዚህ ላይ ለእኛ አካባቢ ተማሪዎች አንድ ልዩነት ማመልከት ግድ ይለኛል። በኤርትራ የሚገኘው የቢሻ ማዕድንም በክፍት ጉድጓድ መዳብ የወጣበት ነው፤ አፈጣጠሩ ግን ፍጹም ሌላ ነው። እርሱ በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ ከሚፈልቅ ሙቅ ውሃ የተከማቸ፣ በስፋቱ ከቢንግሃም እጅግ ያነሰ፣ በመዳብ ይዘቱ ግን የበለጠ ነው። የእኛ የሰሜኑና የምዕራቡ ጥንታዊ አለት ከቢሻው ጋር የአንድ ቀጣና አካል ስለሆነ፣ በአገራችን መዳብ የሚፈልግ ሰው የቢንግሃምን ካርታ ይዞ ቢወጣ ይሳሳታል።

ወደ ዩታ እንመለስ። በቢንግሃም ሸለቆ በ1863 የማዕድን ይዞታ መመዝገብ ሲጀመር ሰዎች የሚፈልጉት የእርሳስና የብር ሥር፣ በወንዙ ደለል ውስጥም ወርቅ ነበር። የመዳቡ ተራራ መካከል ላይ ተገትሮ ሳለ ይዘቱ ሁለት በመቶ ብቻ በመሆኑ ማንም አልፈለገውም፤ በዚያ ዘመን በመሬት ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ማውጣት ኪሳራ ነበርና። ዳንኤል ጃክሊንግና ሮበርት ጌሜል የተባሉ መሐንዲሶች በ1899 ተራራውን መርምረው ያቀረቡት ሐሳብ የአስተሳሰብ ለውጥ ነበር። የከበረውን ሥር እየተከተሉ ከመቆፈር ይልቅ ተራራውን በሙሉ፣ ከነጭንጫው (ከማይፈለገው ድንጋይ ጋር)፣ በእንፋሎት አካፋና በባቡር ማጋዝ ይቻላል አሉ። ዩታ ኮፐር ኩባንያ በ1903 ተቋቋመ፤ በ1906 የእንፋሎት አካፋዎቹ ከላይ ያለውን ድንጋይ መግፈፍ ጀመሩ። ኩባንያው ኋላ ኬንኮት በተባለ ሌላ የማዕድን ኩባንያ እጅ ገባ፤ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ባለቤቱ ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ ነው። ቦታው ተራራ እንደነበር ዛሬ ከፎቶግራፍ በስተቀር የሚያሳይ የለም። ከግሪክ፣ ከጣሊያን፣ ከባልካን አገሮችና ከጃፓን የመጡ ሠራተኞች በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ የመሠረቷት የቢንግሃም ካንየን ከተማም ጉድጓዱ በሰፋ ቁጥር እየተበላች በ1971 በሕግ ፈረሰች። ልጆች ያደጉበት ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ዛሬ አየር ነው፤ ይህን የምናገረው ማዕድን የሚያስወጣው ወጪ በቶንና በዶላር ብቻ የሚለካ እንዳይመስለን ነው።

አሁን የዕለት ሥራውን እንከተል። ጉድጓዱ እንደ ሰሜን ሸዋ ወይም እንደ ኮንሶ የእርሻ እርከን ደረጃ በደረጃ የተቆረጠ ነው፤ አንዱ እርከን 15 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በመጀመሪያ የመሰርሰሪያ ማሽን በእርከኑ ወለል ላይ ጉድጓዶችን በረድፍ ይሰረስራል። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚወጣው ብናኝ ናሙና ተወስዶ ቤተ ሙከራ ይመረመራል፤ በውጤቱም መሠረት ያ የእርከን ክፍል ማዕድን ወይም ጭንጫ ተብሎ ይለያል። ከዚያ ከማዳበሪያ ጋር የሚዛመደው አሞኒየም ናይትሬትና የነዳጅ ዘይት የተቀላቀሉበት ፈንጂ ይሞላል፤ ረድፎቹም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሺህኛ ሴኮንድ ልዩነት ተከታትለው ይፈነዳሉ። ይህ የጊዜ ልዩነት ድንጋዩ በደንብ እንዲደቅና ከኋላ የሚቀረው ግድግዳ እንዳይናጋ ያደርጋል።

ማዕድንና ጭንጫን የሚለየው መስመር በተፈጥሮ የተሰመረ አይደለም። አንድ ብሎክ ድንጋይ የሚይዘው መዳብ ድንጋዩን ለመፍጨት፣ ለማጣራትና ለማቅለጥ የሚወጣውን ወጪ የሚሸፍን ከሆነ ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ ካልሸፈነ ወደ ጭንጫ ክምር ይሄዳል። የመዳብ ዋጋ ሲወጣ መስመሩ ይወርዳል፤ ትናንት ጭንጫ የነበረው ዛሬ ማዕድን ይሆናል። ጂኦሎጂስቱ ስለ ድንጋዩ ያለው ዕውቀት ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ «ማዕድን» የሚለው ቃል ግማሹ የገበያ ቃል መሆኑን መቀበል አለበት። በሙያው ውስጥ ለጀማሪ ተማሪ ለመቀበል የሚከብደው ነገር ይህ ይመስለኛል።

የፈነዳው ድንጋይ በኤሌክትሪክ አካፋ ይዛቅና ከ200 ቶን በላይ በሚሸከሙ ገልባጭ መኪኖች ላይ ይጫናል፤ ትላልቆቹ 300 ቶን ገደማ ይጭናሉ። ጭንጫው ወደ ዳር ክምር፣ ማዕድኑ ደግሞ በጉድጓዱ ውስጥ ወዳለው መፍጫ ይሄዳል። መፍጫው ቋጥኙን ከኳስ ብዙም ወደማይበልጥ መጠን ይሰብረዋል፤ ከዚያ 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቀበቶ ማጓጓዣ ኮፐርተን ወደሚገኘው ማጣሪያ ያደርሰዋል። መፍጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ማኖር ያስፈለገው ሽቅብ የሚጓዝ መኪና ነዳጅ ስለሚፈጅ ነው፤ በድሃ ማዕድን ላይ እያንዳንዱ ሜትር ሽቅብ ጉዞ ይቆጠራል።

በክፍት ጉድጓድ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ስለ መኪናም ስለ ፈንጂም አይደለም፤ ግድግዳው በስንት ዲግሪ ይቁም የሚለው ነው። ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። 1200 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ግድግዳው በ40 ዲግሪ ቢቆም፣ ከግርጌው እስከ አናቱ ያለው አግድም ርቀት 1430 ሜትር ይሆናል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቀንሰን በ39 ዲግሪ ብናቆመው ርቀቱ 1482 ሜትር ይደርሳል። የ52 ሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ኪሎ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ላይ ስናሰላው 31 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ማለትም 80 ሚሊዮን ቶን የሚሆን ተጨማሪ ድንጋይ መነሳት አለበት ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ ምናልባት አንድ ግራም መዳብ የማይገኝበት ድንጋይ ነው። ስለዚህ ባለ ማዕድኑ ግድግዳው ይበልጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይፈልጋል። ድንጋዩ ደግሞ በራሱ ሕግ ይሄዳል፤ በውስጡ ያሉት ስንጥቆች፣ የንብብሮቹ ማዘንበልና በመካከላቸው የተያዘው ውሃ ተደማምረው የቱ ዲግሪ እንደሚበዛ ይወስናሉ።

ከላይ በአእምሯችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ የንብብሮቹ ማዘንበል እዚህ ላይ ይመጣል። በጉድጓዱ ሰሜን ምሥራቅ ግድግዳ በኩል ማነፈይ የሚል መጠሪያ የተሰጠው ደካማ ንብብር ወደ ጉድጓዱ ያዘነበለ ነበር። ንብብር ከግድግዳው ወደ ተራራው ካዘነበለ ይደግፋል፤ ወደ ጉድጓዱ ካዘነበለ ግን እንደ ተንሸራታች ጠረጴዛ ነው፤ በጉድጓዱ መስፋት ግርጌው ሲቆረጥ የላዩን ጭነት የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ይሆናል።

በቢንግሃም የግድግዳውን እንቅስቃሴ በራዳርና በሌሎች መሣሪያዎች ሌሊትና ቀን ይከታተሉ ነበር። ራዳሩ ሚሊ ሜትር የማይሞላ መንቀሳቀስን ያያል። በ2013 መጀመሪያ ላይ የሰሜን ምሥራቁ ግድግዳ መንቀሳቀሱ ታወቀ፤ ፍጥነቱም ከሳምንት ሳምንት ጨመረ። ድንጋይ ሊወድቅ ሲቃረብ የእንቅስቃሴው ፍጥነት እየተፋጠነ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱን በሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ ባለሙያ የመውደቂያውን ቀን በግምት ሊያነብ ይችላል። ኩባንያው መንገዶችን አዛወረ፣ ሕንፃዎችን አነሣ፤ ኤፕሪል 10 ቀን ሠራተኞቹን በሙሉ ከጉድጓዱ አስወጣ። የዚያን ዕለት ምሽት 3፡30 ገደማ ግድግዳው ወረደ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ሁለተኛው ክፍል ተከተለ። እያንዳንዱ ናዳ የወሰደው ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ በሁለቱ በድምሩ 65 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ ወለል ተዘረገፈ። የናዳው መንቀጥቀጥ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የርዕደ መሬት መለኪያዎች ላይ የተመዘገበ ከመሆኑም በላይ፣ ናዳው ራሱ ትናንሽ የምድር መንቀጥቀጦችን እንደቀሰቀሰ ተመራማሪዎች አስረድተዋል። በሰሜን አሜሪካ ታሪክ ከእሳተ ገሞራ ጋር ሳይገናኝ ከደረሱት ናዳዎች ትልቁ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ናዳ አንድም ሰው አልጎዳም።

ይህን ታሪክ ሳስብ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሰማኛል። አንዱ አድናቆት ነው፤ በመሣሪያ ንባብ ላይ ተማምኖ የአንድ ግዙፍ ማዕድን ሥራ አቁሞ ሰውን ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው፤ የናዳው መጠንና የተጓዘበት ርቀት አስቀድሞ ከተገመተው አልፎ ስለነበር አካፋዎችና ከአሥር የሚበልጡ ገልባጭ መኪኖች ከሥሩ ቀርተዋል። የመውደቂያውን ጊዜ ማወቅና የመውደቂያውን ስፋት ማወቅ አንድ አይደሉም።

ማዕድኑ ኮፐርተን ሲደርስ በሚሽከረከሩ ትላልቅ ከበሮዎች ውስጥ ከብረት ኳሶችና ከውሃ ጋር እየተፋጨ እንደ ዱቄት ይልማል። ከዚያ ወደ ማንሳፈፊያ ገንዳ ይገባል። በገንዳው ውስጥ የመዳብ ማዕድኑን ቅንጣት ውሃ እንዳይረጥበው የሚያደርግ ኬሚካል ይጨመርና ከታች አየር ይነፋል፤ ውሃ የሸሸው ቅንጣት ከአየሩ አረፋ ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጭንጫው ደግሞ ውሃ ጠግቦ ይሰምጣል። ሞሊብዴናይቱም በሌላ ዙር ማንሳፈፊያ ይለያል። ከአንድ ቶን ድንጋይ 15 ኪሎ ያህል የታመቀ ማዕድን ይገኛል፤ ከዚያ ውስጥ ሩብ የሚሆነው መዳብ ነው። በዚህ ደረጃ ከመጀመሪያው ድንጋይ ከመቶ 98ቱ እጅ ተጥሏል።

የታመቀው ማዕድን ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በቧንቧ ወደ ታላቁ የጨው ሐይቅ ዳርቻ፣ ጋርፊልድ ወደሚባለው ማቅለጫ ይወርዳል። እቶኑ ውስጥ ድኙ ራሱ እንደ ነዳጅ እየነደደ ሙቀት ይሰጣል፤ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ተይዞ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራበታል፤ በቀደሙት አሥርተ ዓመታት ይህ ጋዝ በአብዛኛው ወደ ሰማይ ይለቀቅ ነበር። የቀለጠው መዳብ በሰሌዳ መልክ ይቀዳና በአሲድ ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይጣራል፤ ሰሌዳው እየሟሟ መዳቡ ወደ ሌላኛው ዘንግ ተሻግሮ 99.99 በመቶ ንጹሕ ሆኖ ይለጠፋል። ወርቁና ብሩ አይሻገሩም፤ በገንዳው ግርጌ እንደ ጭቃ ይቀራሉ፣ ከዚያም ይለያሉ። ከ2022 ጀምሮ በዚሁ ሂደት ቴሉሪየም የሚባለው ብርቅ ንጥረ ነገርም እየተለየ ይወጣል።

አሁን ወደ ኋላ የቀረውን 985 ኪሎ እንመልከት። ይህ የላመ ዝቃጭ ከጨው ሐይቁ አጠገብ ማግና በምትባል ከተማ ዳርቻ በግድብ ታግዶ ተከማችቷል፤ ሜዳው ከ3500 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ግድብ ከውሃ ግድብ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ የሚሠራው ባንድ ጊዜ ሳይሆን ማዕድኑ እስካለ ድረስ በየዓመቱ እየተደረበ ነውና፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋም ውሃ ጠግቦ በርዕደ መሬት ቢናወጥ እንደ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ደረቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ ነፋስ አቧራውን ያነሣዋል፤ ስለዚህ ዳሩን በሣር መሸፈንና ወለሉን ማርጠብ የማያቋርጥ ሥራ ነው።

ከጭንጫው ክምር የሚመጣው ግን ከአቧራ የከፋ ነው። ፓይራይት በምድር ውስጥ ሳለ ምንም አያደርግም፤ ተፈንድቶ፣ ተሰባብሮ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን አሲድ ይሆናል። አሲዱም ከድንጋዩ መዳብና ሌሎች ብረታ ብረቶችን እያሟሟ ይወርዳል። በቢንግሃም ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ከክምሮቹ የፈሰሰው ውሃ በምሥራቅ በኩል ወዳለው የሶልት ሌክ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ገብቶ ሰልፌት የበዛበት ሰፊ ክፍል ፈጥሯል። ዛሬ ከክምሮቹ ግርጌ የሚወጣው ውሃ በግድግዳና በቦይ ይያዛል፤ የተበከለው የከርሰ ምድር ውሃ በጉድጓድ እየተሳበ በልዩ ማጣሪያ እየተጣራ ለአካባቢው ነዋሪ የመጠጥ ውሃ ሆኖ ይቀርባል። ይህ የማጣራት ሥራ የመጨረሻው ገልባጭ መኪና ከጉድጓዱ ከወጣ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት የሚቀጥል ነው። ፓይራይቱ ገና ብዙ ነው፤ ዝናቡም በየክረምቱ ይመጣል።

ስለ ግድግዳው ስሌትም ሆነ ስለ ውሃው ማጣሪያ ጥያቄ ካላችሁ አሁን ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።